ትምህርት 14፤ መዝገቦች ሲመሳከሩ

በዚህ ትምህርት መጀመሪያ አንድ ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎ «አመሳከረ» የተባለውን ግስ መነሻ አድርጋችሁ የአማርኛ ግስ እየተራባ ፍቺውን እንዴት እንደሚለውጥ ትመረምራላችሁ። በመጨረሻም በመዝገብ ላይ የተሳሳተ ስም እንዲታረም የሚጠይቅ ማመልከቻ መጻፍ ትለማመዳላችሁ። ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት ስማችሁ የተጻፈባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ወረቀቶች፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ካርድ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ወይም ሌላ ያገኛችሁትን አጠገባችሁ አስቀምጡ። በምንባቡ መካከል ትፈልጓቸዋላችሁ።

ሀ. ምንባብ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ መራዊ ከተማን ያገኛል። በዚያ አካባቢ የሚወርደው የቆጋ ወንዝ ከግልገል ዓባይ ጋር ይቀላቀልና ጣና ሐይቅ ይገባል። በቆጋ ላይ ግድብ ተሠርቶ፣ ወደ 7,000 ሄክታር የሚሆን መሬት በመስኖ እንዲለማ ቦዮች ከተዘረጉ ወዲህ፣ ቀድሞ የክረምቱን ዝናብ ብቻ ይጠብቅ የነበረው ገበሬ በበጋም ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ማምረት ጀምሯል። መሬት በዓመት ሁለት ጊዜ ሲያፈራ ዋጋው ይጨምራል። ዋጋው ሲጨምር ደግሞ «ይህ ማሳ የማን ነው? ውኃው በየትኛው ቀን ለማን ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። መልሱም ከሽማግሌ አፍ ብቻ ሳይሆን ከመዝገብ ይፈለጋል።

እንግዲህ በቆጋ አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ ስሙ በስንት መዝገብ ላይ ሊገኝ እንደሚችል እናስብ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ባለይዞታው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጠዋል፤ ባልና ሚስት ከሆኑም የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ ይሰፍራል። ይህ አንድ መዝገብ ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር የራሱ የአባላት ዝርዝር አለው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሌላ ዝርዝር ይይዛል። የመሬት መጠቀሚያ ግብር የሚሰበስበው ክፍል ሌላ፣ የጤና መድን ሌላ፣ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ። እነዚህን መዝገቦች የሚጽፏቸው ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ የሚጻፉትም በልዩ ልዩ ቀን፣ ለልዩ ልዩ ዓላማ ነው። አንዱ ጸሐፊ ስሙን ከባለቤቱ አፍ ሰምቶ ይጽፋል፤ ሌላው ከጎረቤት ጠይቆ፣ ሦስተኛውም ከአሮጌ ወረቀት ገልብጦ።

አሁን ደግሞ አንድ አጭበርባሪ አለ እንበል። ይህ ሰው በአንድ ቀበሌ በአንድ ስም፣ በጎረቤት ቀበሌ በሌላ ስም ተመዝግቦ ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ ይወስዳል። ወይም የሞተ ዘመዱን ስም ከዝርዝር ሳያስወጣ በሟቹ ድርሻ ይጠቀማል። የመጀመሪያው ቀበሌ መዝገብ ቢመረመር ምንም እንከን አይገኝበትም፤ ሁለተኛውም እንደዚሁ። ውሸቱ የተደበቀው ከሁለቱ በአንዱ ገጽ ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው መስመር በመስመር ካልተነበቡ አይታይም። ይህንን ሥራ በአማርኛ ማመሳከር እንለዋለን። በቀድሞ ጊዜ በጣትና በማስመሪያ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒዩተር መቶ ሺህ ስሞችን በአጭር ጊዜ ውስጥ ያመሳክራል።

የዚህ ሥራ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ በአዲስ አበባ የደረሰ አንድ እውነተኛ ነገር ያስረዳል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ አወጣ። በዕጣው ለመግባት መብት የነበራቸው፣ ለዓመታት ከገቢያቸው እየቀነሱ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚፈለግባቸውን ቁጠባ ያሟሉ ተመዝጋቢዎች ብቻ ነበሩ፤ የእነዚህንም ስም ዝርዝር የላከው ባንኩ ነው። ዕጣው ከወጣ በኋላ ግን ባንኩ የላከው ዝርዝርና ዕጣ በሚያወጣው ኮምፒዩተር ውስጥ የገባው ዝርዝር አንድ አለመሆናቸው ታወቀ። ቁጠባቸውን ያላሟሉ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስም ተጨምሮ ተገኘ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕጣው ተሰረዘ፤ ኃላፊዎችና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ተያዙ፤ ዕጣውም ከወራት በኋላ እንደገና ወጣ። በመካከሉ ግን በሕጋዊ መንገድ ዕጣ ወጥቶላቸው እልል ያሉ ቤተሰቦች ደስታቸው በቀናት ውስጥ ተነጥቋል።

ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስለ ማመሳከር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መሥሪያ ቤት ተራውን ሰው ሲቆጣጠር ነው። በዚህ ታሪክ ግን ማጭበርበሩ የተገኘው ዝርዝሩ በሚጠበቅበት ቤት ውስጥ ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች የያዙት ዝርዝር መኖሩ የጠቀመው ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢበረዝ ሌላው ይመሰክርበታል። ዝርዝሩ በአንድ ቦታ ብቻ ተይዞ ቢሆን ኖሮ የሚመሰክር ባልተገኘ ነበር።

ይህ የነገሩ አንድ ገጽታ ነው። ሌላው ገጽታ የሚጀምረው ከስም ነው፤ በተለይም ከእኛ ከአማርኛ ጸሐፊዎች ስም።

በአማርኛ ሞክሼ ፊደላት እንዳሉ በሰባተኛ ክፍል ተምራችኋል። ሀሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ»፤ ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ»፤ አልፋው «አ» እና ዐይኑ «ዐ»፤ ጸሎቱ «ጸ» እና ፀሐዩ «ፀ» ናቸው። በግእዝ እነዚህ ፊደላት የቃሉን ፍቺ ይለያሉ። ለምሳሌ «ሠረቀ» በንጉሡ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፣ «ሰረቀ» በእሳቱ ሲጻፍ የሌባ ሥራ ነው። በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ ጸሐፊው በእጁ የመጣለትን ይጽፋል፤ አንባቢውም ሳይቸገር ያነባል። ሰው ያነባል፤ ኮምፒዩተር ግን «ኃ» እና «ሃ» ሁለት የተለያዩ ምልክቶች መሆናቸውን ብቻ ያውቃል።

እስቲ እንቁጠር። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በ«ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» ወይም «ኃ» ሊጻፍ ይችላል፤ ይህ ስድስት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ሥ» ወይም «ስ» ሁለት፣ የመጨረሻው «ሴ» ወይም «ሤ» ሁለት፣ ስሙ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ መጻፉ ደግሞ ሁለት። ስድስት በሁለት፣ በሁለት፣ በሁለት ሲባዛ 48 ይሆናል። አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ስሙ በ48 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው፤ አንዱም ሲነበብ የተሳሳተ አይመስልም። «ዓለም ፀሐይ» የምትባል ልጅ ደግሞ ከዚህ የባሰ ዕጣ አላት። በ«ዓ»፣ «አ»፣ «ዐ»፣ «ኣ» አራት፤ በ«ፀ» እና «ጸ» ሁለት፤ በመካከሉ «ሐ» ስድስት፤ በመያያዝና በመለያየት ሁለት፤ ብዜቱ 96 ነው። (የራሳችሁን ስም አሁኑኑ ቁጠሩ፤ አጠገባችሁ ያስቀመጣችኋቸውን ወረቀቶችም ተመልከቱ።)

ነገሩ በፊደል አያበቃም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችንን ስም፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እናስከትላለን። ስለዚህ በአንድ ወረዳ በራስ ስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ብዙ ሰዎች ይገኛሉ። በቤት በአንድ ስም፣ በጥምቀት በሌላ ስም፣ በትምህርት ቤት በሦስተኛ ስም የሚጠራ ልጅም ብርቅ አይደለም። የልደት ቀን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኅዳር 25 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው በ2007 ነው፤ ከእርሱ በኋላ በወሩ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር የ2008 ልጅ ናት፤ በመካከሉ የፈረንጆቹ ዓመት ተለውጧልና። ሁልጊዜ ሰባት ብቻ የሚደምር ጸሐፊ ልጅቱን በአንድ ዓመት ያስረጃታል፤ በዚያው ሁለት ሰው ያደርጋታል።

መዝገብ የሚያመሳክር ባለሙያ እንግዲህ በሁለት ገደል መካከል ይሄዳል። ኮምፒዩተሩ አንዲት ፊደል የተለየች እንደ ሆነ «ሌላ ሰው ነው» እንዲል ቢያደርገው፣ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል፤ እውነተኛው አጭበርባሪም በፊደል ልዩነት ያመልጣል። የሚቀራረቡትን ስሞች ሁሉ «አንድ ሰው ናቸው» እንዲል ቢያደርገው ደግሞ ሁለት ንጹሐን ሰዎችን አንድ ያደርግና «ሁለት ጊዜ ወሰድክ» ብሎ ይከሳል። የትኛው ይብሳል? የመጀመሪያው ስሕተት የመንግሥትን ገንዘብ ያባክናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያልሰረቀን ሰው ሌባ ያሰኛል። የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ ሁለተኛው ይብሳል ባይ ነው፤ እናንተ ግን በክፍል ውስጥ ተከራከሩበት።

ይህ ክርክር የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ከሌሎች አገሮች ታሪክ እንረዳለን። በአውስትራሊያ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 እስከ 2019 ድረስ የግብር መሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከድጎማ መዝገብ ጋር በኮምፒዩተር አመሳከረ። የግብር መዝገቡ የዓመት ገቢን ይዟል፤ ድጎማው ግን በየሁለት ሳምንቱ በነበረው ገቢ ልክ የሚሰጥ ነበር። ኮምፒዩተሩ የዓመቱን ገቢ እኩል እያካፈለ ለየሁለት ሳምንቱ አደላደለው። ይህ ምን እንደሚያስከትል በእኛ ገንዘብና በወር እናስላው። አንድ ሰው በስድስት ወር ውስጥ በወር 10,000 ብር እያገኘ 60,000 ብር ሠራ እንበል። ከዚያ ሥራ አጣና በቀሩት ስድስት ወራት እርዳታ ተቀበለ። ኮምፒዩተሩ 60,000ውን ለ12 ወር ሲያካፍለው በየወሩ 5,000 ብር ይሆናል። «በየወሩ 5,000 ብር እያገኘህ እርዳታ ወስደሃልና መልስ» የሚል ደብዳቤ ይጻፍለታል። ሰውየው አልዋሸም፤ ሁለቱ መዝገቦችም አልዋሹም። ውሸቱን የፈጠረው ማካፈሉ ነው። በዚህ መንገድ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ዕዳ አለባቸው ተባሉ፤ የማይፈለግባቸውንም ከፈሉ። ዕዳ የለብኝም የሚል ሁሉ ከዓመታት በፊት የተቀበለውን የደመወዝ ወረቀት ፈልጎ እንዲያመጣ ይጠየቅ ነበር። በመጨረሻ አሠራሩ ሕገ ወጥ ሆኖ ተገኘና መንግሥት ገንዘቡን መለሰ። በኔዘርላንድስም ለልጆች ማሳደጊያ የሚሰጥ ድጎማን አጭበርብራችኋል ተብለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው ዕዳ ውስጥ ገብተው ነበር፤ መንግሥቱ በዚሁ ምክንያት በአውሮፓ አቆጣጠር በጥር 2021 ሥልጣኑን ለቀቀ።

ወደ ጎጃም እንመለስ። የአካባቢው ሰው መዝገብን በጥርጣሬ የሚያይበት ምክንያት አለው። በ1960 ዓ.ም. በግብርና ገቢ ላይ አዲስ ግብር ታውጆ ገማቾች ወደ ገጠር ሲወጡ፣ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ተለክቶ ከተመዘገበ ርስቱ የሚወሰድበት መሰለው። በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም አውራጃዎች ዐመፅ ተነሣ፤ ጦርም ተላከ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በመጨረሻ መንግሥት ያልተከፈለውን ግብር ለመተው ተገደደ። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም። ለአንድ ጉዳይ ተብሎ የተጻፈ ስም ነገ ለሌላ ጉዳይ ይውላል የሚለው ሥጋት ከግብሩ ይበልጥ ያስጨንቀው ነበር። ዛሬም ገበሬ የማሳውን ስፋት ለመዝጋቢ ሲናገር ጥቂት የሚቀንሰው ለዚህ ይሆናል።

ዛሬ ይህንን ሥጋት የሚመለከት ሕግ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። ስለ ዲጂታል መታወቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 «ፋይዳ» የተባለውን መታወቂያ መሠረተ፤ በዚህም ተመዝጋቢው የጣት አሻራውን፣ የዓይን ብሌኑንና የፊቱን ምስል ሰጥቶ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ስሙ በ«ኃ» ተጻፈ በ«ሃ» ቁጥሩ አይለወጥም። ከላይ የቆጠርነውን የ48 እና የ96 ጣጣ በእጅጉ ያቃልለዋል። ነገር ግን አንድ ቁጥር ባንኩን፣ ግብሩን፣ ጤናውንና ትምህርቱን በአንድ ክር ሲያስር፣ በምዝገባው ዕለት የተፈጠረ ስሕተትም በዚያው ክር ወደ ሁሉም ይጓዛል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ለታወቀ ዓላማ እንዲውል፣ ሰውም ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት እንዲኖረው ይደነግጋል። መብቱ የሚሠራው ግን ባለ መብቱ ሲጠይቅ ነው፤ ለመጠየቅም ጥሩ ማመልከቻ መጻፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግሱን እንመልከት።

ለ. የግስ ጥናት

«አመሳከረ» የሚለው ግስ መነሻው «መሰከረ» ነው። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሽማግሌው ስለ ድንበሩ መሰከሩ።
ስለ ድንበሩ በሽማግሌው ተመሰከረ።
ከሳሹ ሦስት ሰዎች አስመሰከረ።
የባንኩና የአስተዳደሩ መዝገቦች ተመሳከሩ።
ሠራተኛዋ ሁለቱን መዝገቦች አመሳከረች።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ድርጊቱን የፈጸሙት ሽማግሌው ናቸው። በሁለተኛው «ተ» በመጨመሩ ግሱ ተገብሮ ሆኗል። በሦስተኛው «አስ» የሚለው ባዕድ መነሻ ከሳሹን አስደራጊ አድርጎታል። አራተኛውን በጥንቃቄ ተመልከቱ። «ተ» መጨመሩ ብቻ ሳይሆን፣ የግሱ ሁለተኛ ፊደል «ሰ» ወደ ራብዕ ተለውጦ «ሳ» ሆኗል። ይህ ለውጥ ድርጊቱ በሁለት ወገን የሚፈጸም፣ የእርስ በርስ መሆኑን ያመለክታል፤ አንዱ ስለ ሌላው፣ ሌላውም ስለዚያኛው ይመሰክራል ማለት ነው። በአምስተኛው «ተ» ወርዶ «አ» ሲተካ፣ ሁለቱ እርስ በርስ እንዲመሰካከሩ የሚያደርግ ሦስተኛ ወገን ይመጣል።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ቋንቋችን መዝገብን የሚያየው እንደ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ በፍርድ ቤት መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ተከሳሹም መልስ ይሰጣል እንጂ ምስክር ስለ ተናገረ ብቻ ወዲያው አይፈረድም።

«ገነዘበ» የሚለውን ብንወስድም እርባታው ተመሳሳይ ነው፤ «ተገናዘበ»፣ «አገናዘበ» እንላለን። «ቆጠረ» ግን በሌላ መንገድ ይራባል። ፊደሉ ተደግሞ «ተቆጣጠረ» ይሆናል፤ ፍቺውም ከመቁጠር ወደ መግዛትና መጠበቅ ይሸጋገራል። የቆጠረ ሰው እንደሚቆጣጠር አማርኛ ከጥንት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ተገብሮ ግስ ጥቂት እንመለስ፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ብዙ የሚያጋጥማችሁ እርሱ ነውና። «ስምዎ ከዝርዝሩ ተሰርዟል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ማን እንደ ሰረዘው ከዓረፍተ ነገሩ አያገኝም። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ አድራጊው ግን ተሰውሯል። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ወደ ገቢር ብትለውጡት «የምዝገባ ክፍሉ ስምዎን ከዝርዝሩ ሰርዟል» ይሆናል። አሁን ወዴት እንደሚሄድና ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ተገብሮ ግስ በራሱ ነውር የለበትም፤ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር ወይም መጥቀሱ ሳያስፈልግ ሲቀር ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። ነገር ግን ቅጣት፣ ዕዳ ወይም ስረዛ በሚነገርበት ጽሑፍ ውስጥ ስታዩት «በማን?» ብላችሁ መጠየቅን ልማድ አድርጉ።

ሐ. ድርሰት፤ የእርማት ማመልከቻ

ማመልከቻ አጭር መሆን አለበት። ብዙ ተማሪዎች ማመልከቻን በምስጋናና በልመና ይሞሉታል፤ ጉዳዩ ግን በመጨረሻው መስመር ላይ ይደበቃል። ጉዳያችሁን ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ከተከመሩ መቶ ወረቀቶች መካከል አንስቶ የሚያነብ ሰው እንዳለ አስቡ። ትሕትና ያስፈልጋል፤ ትሕትና ግን ነገርን ማድበስበስ አይደለም።

የሚከተለውን አንብቡ።

ቀን፦ ……………
ለ……………… ጽሕፈት ቤት
መራዊ

ጉዳዩ፦ የስም አጻጻፍ እርማት ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ በልደት የምስክር ወረቀቴ ላይ ስሜ «ዓለም ፀሐይ» ተብሎ ተጽፏል። በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ግን «አለምጸሀይ» ተብሎ በመስፈሩ ሁለቱ ማስረጃዎች ሲመሳከሩ የተለያዩ ሰዎች ስም መስለው ታይተዋል። በዚህም ምክንያት ምዝገባዬ ታግዷል።

ስለዚህ መዝገቡ ከልደት የምስክር ወረቀቴ ጋር ተገናዝቦ እንዲታረምልኝ፣ የታረመበትንም ቀን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የልደት የምስክር ወረቀቴን ዋናውንና አንድ ቅጂ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አቅርቤአለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የአመልካች ስምና ፊርማ፦ ……………

በዚህ ማመልከቻ ውስጥ ሁለቱ አጻጻፎች በጥቅስ ውስጥ ገብተው ፊደል በፊደል ተቀምጠዋል፤ «ስሜ ተሳስቷል» ብቻ ቢባል ኖሮ አንባቢው ስሕተቱን ማየት ባልቻለ ነበር። የደረሰው ጉዳት በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተነግሯል። የሚጠየቀውም ሁለት ነገር ነው፤ እርማቱና የእርማቱ ማስረጃ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስሙ በአንድ መዝገብ ላይ ቢታረምም፣ አስቀድሞ ከዚያ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የተላለፈው አሮጌ አጻጻፍ እንደ ነበረ ይቆያል፤ ስለሆነም አመልካቹ ወደዚያ ይዞት የሚሄደው ወረቀት ያስፈልገዋል። ማመልከቻችሁን ስታስገቡ ለራሳችሁ አንድ ቅጂ አስቀሩ፤ በመዝገብ ቤት ገቢ የተደረገበትንም ቁጥርና ቀን በቅጂው ላይ አስጽፉ።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ «ውሸቱን የፈጠረው ማካፈሉ ነው» ተብሏል። ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ በራሳችሁ አነጋገር፣ ከአምስት መስመር ባልበለጠ አንቀጽ ግለጹ። በምሳሌነት የምታቀርቡት አኃዝ በምንባቡ ውስጥ ከተሰጠው የተለየ ይሁን።

2. የእናታችሁ ወይም የአሳዳጊያችሁ ስም በሞክሼ ፊደላት ምክንያት በስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል ቁጠሩ። ብዜቱን አሳዩ። በአንድም ዓይነት ብቻ የሚጻፍ ስም ከክፍላችሁ ካገኛችሁ ምክንያቱን አስረዱ።

3. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ወደ ገቢር ለውጡ። አድራጊው ካልታወቀ ተስማሚ ነው የምትሉትን አስገቡ።
ዕጣው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰረዘ።
የገበሬው የማዳበሪያ ድርሻ ተቀንሷል።
በዝርዝሩ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ተጨመሩ።

4. «ነገረ»፣ «ለየ»፣ «ዘመደ» እና «ጻፈ» ከሚሉት ግሶች የእርስ በርስ ድርጊትን የሚያመለክቱ ግሶችን አውጡ። እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገር አስገቡት። ከነዚህ ውስጥ እንደ «ተመሳከረ» የሚራባው የትኛው ነው? ፊደል በመድገም የሚራቡትስ?

5. ክፍሉ በሁለት ወገን ተከፍሎ ይከራከር። አንዱ ወገን የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ዝርዝር ለግብር ሰብሳቢው ክፍል መሰጠት አለበት ይበል፤ ሌላው መሰጠት የለበትም ይበል። ሁለቱም ወገኖች በምንባቡ ከተጠቀሱት ታሪኮች ቢያንስ ሁለቱን ይጠቀሙ።

6. በሰፈራችሁ የሚገኙ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አንድ አረጋዊ ስማቸው ከጤና መድን ዝርዝር ላይ የለም ተብለው ተመልሰዋል እንበል። በእጃቸው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና ያለፈው ዓመት መድን ደረሰኝ አለ፤ በሁለቱ ላይ የአባታቸው ስም በተለያየ ፊደል ተጽፏል። በእርሳቸው ስም ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት አረጋዊውን ልትጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን በትሕትና አነጋገር በደብተራችሁ ዘርዝሩ፤ ከጻፋችሁም በኋላ በጓደኛችሁ ፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው እንበል፤ «ይህን እኔ አላልኩም» ሊሉ የሚችሉበት ዓረፍተ ነገር ካለ ለዩና አርሙት።